ፈቃደኛ ተደረግኩ

«ይህን ዓረፍተ ነገር አውጪው» አሉ ሚስስ ዋንግ፣ ወረቀቱ ላይ ያሰመሩትን ቀይ መስመር በጣታቸው እየነኩ። «ቻይንኛ አይደለም።»

አይናዲስ ኦክላንድ ውስጥ ቻይንኛ መማር ከጀመረች አራተኛ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ሳን ሆዜ በሚደረገው የንግግር ውድድር ትምህርት ቤቷን ወክላ የምትቀርበውም እሷ ናት። ንግግሯ ስለ ክፍሏ ልጆች ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ስማቸውን የጽዳት «በጎ ፈቃደኞች» ዝርዝር ላይ ተለጥፎ ስላገኙት። መጨረሻው ላይ «ዎ ቤይ ዝዩዌን ለ» ብላ ጽፋለች። ፈቃደኛ ተደረግኩ።

«‹ቤይ› የሚገባው ሌላ ሰው ያደረሰብሽን ለመናገር ነው፤ ተመታሁ፣ ተሰረቅኩ እንደማለት» አሉ መምህሯ። «ፈቃድ ግን ከራስ ነው የሚመጣው። ሌላ ሰው ሊያደርግብሽ አይችልም።»

«አደረጉብን እኮ።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሊሊ ጣልቃ ገባች። «አክስቴ ቻይና ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ፣ ሥራ ሳይኖራት ሥራ ይዛለች ተብላ ተመዘገበች። ያኔ ተመራቂዎቹ ‹ቤይ› ጨምረው ‹ሠራተኛ ተደረግን› እያሉ ኢንተርኔት ላይ ይጽፉ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ይለዋል።»

ሚስስ ዋንግ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውቃለሁ። ሊሊ ብትለው የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስለሆነ ዳኞቹ ይስቃሉ። አንቺ ብትዪው ግን ሰዋስው አልገባትም ብለው ነጥብ ይቆርጣሉ። ላንቺው ብዬ ነው።»

ከቀዩ መስመር ይልቅ ይሄኛው አንገበገባት።

አባቷ አምሐ በመኪና ሊወስዳት ሲመጣ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ነገረችው። መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ ሳቀ።

«እኛንም ልጆች ሳለን ቀበሌ በፈቃዳችን ሰልፍ ያስወጣን ነበር።»

«ዳዲ፣ በፈቃዳችሁ ከሆነ እንዴት ያስወጣችኋል? ሴንስ አይሰጥም።»

«ሰዋስዉማ አያስኬድም። የሰማ ሁሉ ግን ይገባው ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት አይናዲስ ንጹሑን ቅጂ መምህሯ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ነው። ሚስስ ዋንግ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ነጥብ ይቆረጥብሻል።»

«ይቁረጡ። ግን ተሳስታ ነው እንዳይሉኝ፣ እዚያ ጋ ስደርስ ቆም ብዬ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምለው።»

መምህሯ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ‹ቤይ› ስትዪ ድምፅሽን በደንብ ወደ ታች ጣዪው። እስቲ አሰሚኝ።»

አይናዲስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሰሌዳው ፊት ቆመች።