ቧንቧው ላይ የተሰሙት ሦስት ምቶች

ሬሳው የተገኘው ከፓምፕ ቤቱ ትልቅ ቧንቧ ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ሲገለብጡት ፊቱ ፊት አልነበረም። ገዳዩ ፀጉሩን ጨምድዶ ከብረቱ ጋር ደጋግሞ አላትሞታል፤ አልበቃ ብሎት ደግሞ በቧንቧ መፍቻ ጭንቅላቱን ከስክሶታል። ኢንስፔክተሯ የሰው ደም ብርቋ ባይሆንም ይህን ስታይ ጥርሷን ነከሰች።

ሟቹ የከተማው የሴንሰር ክፍል ኃላፊ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ የሚጮኸው፣ የቆሻሻ ገንዳ ሲሞላ የሚናገረው፣ ሲመሽ የመንገድ መብራት የሚያበራው መሣሪያ ሁሉ የሚታዘዘው ለእሱ ነው። የገንዳ መሙላት እንኳ የማያመልጠው ከተማ፣ ይህ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲጨፈጨፍ የት ነበር?

«ጉዳዩ ያለቀለት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ፤ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገ ይመስላል። ቧንቧው ላይ የተለጠፈች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር አሳያት። «ይህቺ ሴንሰር ሌባ ቧንቧውን ቢነካ ትሰማለች። ታናሽ ወንድሙ የግቢውን በር ካሜራ እንዳለፈ ሦስት ምት መዝግባለች። ወዲያው ጩኸት ሰምተን ስንደርስ፣ መፍቻውን ይዞ ደም በደም ሆኗል። ጠዋት ደግሞ በሰው ፊት ወንድሙን በቦክስ አፍንጫውን ብሎታል። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

«ስትደርሱ ደሙ እንዴት ነበር?»

«ረግቶ ነበር። ጫማዬ ተጣበቀ።»

«ከጩኸቱ ስንት ጊዜ ቆይታችሁ ደረሳችሁ?»

«ምን መቆየት! ጣቢያው እኮ አጥር ለአጥር ነው።»

ሳጅኑ ራሱ ያለውን የሰማው አይመስልም፤ ኢንስፔክተሯ ግን ሰምታዋለች።

በሩ ላይ የሟቹ እናት ነጠላቸውን አጥብቀው ቆመዋል። አላለቀሱም፤ እንባው ገና አልደረሰላቸውም። «ልጄ» አሏት፣ ክንዷን ይዘው፤ «አንዱን ዛሬ ገደሉብኝ። ሌላውን ደግሞ እናንተ ልትገድሉብኝ ነው? በሞቴ፣ ዝም ብለሽ አትፍረጂበት።»

«አልፈርድበትም፣ እማማ። መጀመሪያ እጠይቃለሁ።»

ታናሽየው ዕቃ ቤት ውስጥ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። እጁ ላይ ያለው የወንድሙ ደም ተሰነጣጥቋል።

«ለምን መታኸው?»

«በክረምቱ ጎርፍ፣ ከመንገድ በታች ባለው መተላለፊያ እናትና ልጆቿ መኪና ውስጥ ሰምጠው ሞቱ። የውሃ ሴንሰሩ አልጮኸም፤ አንድ ሰው ለጥገና ዝም አሰኝቶት ረስቶታል። ወንድሜ ያ ሰው አንተ ነህ አለኝ። ነፍሰ ገዳይ አለኝ፣ በሥራ ባልደረቦቼ ፊት! እጄ ቀደመኝ።»

«ታዲያ ለምን ተመልሰህ መጣህ?»

«ደውሎ ና አለኝ። ሊያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ስገባ ወድቋል፤ መፍቻውን ከላዩ ላይ አነሳሁ፣ ጮህኩ።» የታሰሩ እጆቹን አየ። «ኢንስፔክተር፣ መታሰሩን እችለዋለሁ። ገዳይ ነህ ብሎኝ ሞተ፤ እሱን አልችለውም።»

መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ስክሪኖቹን የምትጠብቀው ሴት ስትናገር ትንፋሽ አትወስድም። «ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም፣ ምሳዬንም የምበላው እዚሁ ነው፣ የፈለግሽውን ካሜራ እዪ!»

«አምኜሻለሁ። ከምቶቹ በፊት የፓምፕ ቤቱ ሴንሰር ምን ትል ነበር?»

«ምንም። ቢጫ ነበረች።»

«ቢጫ ምንድን ነው?»

«ጥገና ላይ ማለት ነው። ቴክኒሻኖቹ ሥራ ሲጀምሩ በቁልፍ ዝም ያሰኟታል፤ አለዚያማ ቧንቧ በነኩ ቁጥር ጆሮዬን ትበላዋለች። ከምሳ በፊት ጀምራ ቢጫ ነበረች። ከዚያ አረንጓዴ ሆነች፤ ወዲያው ሦስቱ ምት መጡ።»

«አንቺ ከዚህ ሆነሽ ዝም ልታሰኛት ትችያለሽ?»

«አልችልም። ቁልፉ ያለው ኃላፊው፣ ወንድሙና ጋሼ ብሎን ጋ ብቻ ነው።»

«ይህን ለምን ለሳጅኑ አልነገርሽውም?»

«እሱ የጠየቀኝ ስለ ምቱ! ስለ ቢጫው ማን ጠየቀኝ?»

ብሎን የሚሏቸው አንጋፋው ቴክኒሻን ናቸው፤ ያጠበቁትን ማንም አይፈታውም ተብሎ የወጣላቸው ስም ነው። ሰፊ መዳፍ፣ ገና የእጥፋቱ መስመር ያልጠፋ ንጹሕ ቱታ። ኢንስፔክተሯ ቱታውን አይታ እንዳላየች ሆነችና ወደ ፓምፕ ቤቱ ቧንቧ ወሰደቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም። ይህቺ ሴንሰር እንዴት ዝም እንደምትል፣ እንዴት እንደምትመለስ ቢያሳዩኝ?»

«ምን ከባድ አለው፣ ልጄ» አሉ። ቁልፉን አዞሩ፤ መልሰው አዞሩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሷ እንዳደረጉ፣ መዳፋቸው በራሱ ሄዶ ቧንቧውን ሁለቴ አከታትሎ መታው፤ ትንሽ ቆይቶ አንዴ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ታናሽየውን አስመጥታ ያንኑ ስታሠራው፣ እሱ በመፍቻ እጀታ ጫፍ ቧንቧውን አንዴ ነካ አደረገና ተወው።

ከዚያ ሁሉንም ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ተቆጣጣሪዋ ታብሌቷን ታቅፋ፣ እናትየው ግድግዳ ተደግፈው።

«ሁላችሁም ሦስቱ ምት ግድያው ነው ብላችኋል» አለች። «ግን ሟቹ የተመታው ሦስቴ ብቻ አይደለም፤ ፊቱን ያየ ያውቃል። የተናደደ ሰው ደግሞ ቆጥቦ አይመታም፤ እነዚህ ምቶች ልክ በልክ ናቸው። ሳጅን፣ ከምቶቹ በኋላ ወዲያው ደርሳችሁ ደሙ ረግቶ ነበር። ሲገደል ሴንሰሯ አልሰማችም፤ ቢጫ ነበረች። ገዳዩ አስቀድሞ ዝም አሰኝቷታል። ደሙን አጥቦ፣ ቱታ ቀይሮ ተመለሰና እንደነበረች አደረጋት፤ ቢጫዋን ትቶ ቢሄድ ጠጋኙ ማን ነበር ይባላላ! ይህኔ ነው ታናሽየው በግቢው በር የገባው፤ ፓምፕ ቤቱ ሲደርስ ገዳዩ ወጥቷል።»

«ታዲያ ምቶቹ?» አለ ሳጅኑ።

«ሙከራ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሴንሰር መልሰው ሲከፍቱ መስማቷን ሳይፈትሹ አይሄዱም። ሬሳ እግሩ ሥር ተኝቶ እንኳ፣ እጁ ሥራውን ጨረሰ።» ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረች። «የቅድሙን አሰሚን።»

ታብሌቱ ምቶቹን አሰማ፦ ሁለት አከታትሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ።

«አሁን ደግሞ ጋሼ ብሎን ሲያሳዩኝ የተመዘገበውን።»

ሁለት አከታትሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው መዳፍ ዞረ። «ኃላፊው ከጠቡ በኋላ ወንድሙን ጠራው» ስትል ቀጠለች። «ወንድሙን በከንቱ እንደወነጀለ ገብቶታል ማለት ነው። መተላለፊያው ላይ ወንድሙ ካልነበረ፣ ቁልፍ ያለው ሌላ ማን ቀረ?»

ብሎን የፓምፑን ማዞሪያ ብረት ነቅለው በታናሽየው ራስ ላይ ሰነዘሩ። ልጁ የታሰሩ እጆቹን አነሳ፤ ብረቱ ካቴናው ላይ አርፎ የእጁን አንጓ ሰበረው። ሳጅኑ ሲያንቃቸው በክርናቸው ጥርሱን አረገፉት። ኢንስፔክተሯ ጉልበታቸውን በጫማዋ ረግጣ አንበረከከቻቸው፤ በሽጉጧ ሰደፍ አገጫቸውን ስትላቸው ሲሚንቶው ላይ ተዘረሩ።

እናትየው ተጠጉ። «ልጄ ምን አደረገህ?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ብሎን ደም ተፉ። «ሰምጠው የሞቱት በእኔ ነው፤ ሴንሰሩን የረሳሁት እኔ ነኝ። ለፖሊስ አሳልፌ እሰጥሃለሁ አለኝ። ከጠቡ በኋላ በስልክ ዝቶብኝ ነበር፣ ለዚያ ነው ዝም ያሰኘኋት። ከዚያ…» ወደ ታናሽየው ቀና አሉ። «ወንድሜን በድዬዋለሁ አለ። ጠርቼዋለሁ፣ ሲመጣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አለ። ይህን እያለ ነው ፀጉሩን የያዝኩት።»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ራሷ ፈታችለት። ታናሽየው የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ተንበረከከ፤ ግንባሩን ወንድሙ የሞተበት ቧንቧ ላይ አሳርፎ ያለቅስ ጀመር። እናቱ ከኋላው አቀፉት፤ እንባቸው አሁን ደረሰላቸው። ቧንቧው በሁለቱ ለቅሶ ተንቀጠቀጠ፤ ታብሌቱ የማንቂያ ደወሉን አስጮኸ።

ተቆጣጣሪዋ ልታጠፋው እጇን ሰደደች።

«ተዪው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይጩህ።»