ወኪሉን ቅቤ መቀባት

«በእንግሊዝኛ ‹ባተር አፕ› ሲባል ቅቤ መቀባት እንዳይመስላችሁ» አለ መምህር ሶፎኒያስ፣ ሰሌዳው ላይ ከጻፈው ሥር በጠመኔ እያሰመረ። «ከሰው የምትፈልጉት ነገር ሲኖር ሳታምኑበት ማሞካሸት፣ መለማመጥ ነው። ማነው ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ?»

ለተሰንበት እጇን አወጣች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ዳሱ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ገባቸው፤ «ሶሊያና ወኪሉን ቅቤ ትቀባለች» ነው ያለችው።

ማንም አልሳቀም። ሶሊያና ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

ውሸት አልነበረም። ከድንበር ማዶ፣ ባሱንዳ አጠገብ ባለው በዚህ የሰሊጥ እርሻ የሚቀጥረውም የሚያባርረውም ወኪሉ ክንፈ ነው። እናቷን በላይነሽን ወባ ከጣላት ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ የማይሠራ ደግሞ ካምፑ ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ሶሊያና የክንፈን ልብስ ታጥባለች፣ በቀልዱ ትስቃለች፣ «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ደግ የለም» ትለዋለች። ሠራተኞቹ የሚያወሩትንም ትነግረዋለች። ባለፈው ሳምንት አሰፋች ሕፃኗን አዝላ የተባረረችው በእሷ ወሬ ነው።

ከትምህርት ስትመለስ ክንፈ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ጎበዝ። ‹ውሃው ቆሻሻ ነው፣ ሥራ እናቁም› እያለ ሰው የሚያሳድምብኝ ማነው?»

ታውቃለች። እንግዳው የሚባለው ሠራተኛ ነው። እናቷ ራሷን የሳተች ቀን አዝሏት ክሊኒክ ድረስ በእግሩ የሄደው እንግዳው።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«አንቺ የማታውቂው ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «እናትሽ መተኛቷን እኮ ለእርሻው ባለቤት አልነገርኩም። ስሙን ንገሪኝና ኸላስ፣ በቃ ሂጂ።»

አሰፋች ስትወጣ ዞር ብላ ያየቻት አስተያየት መጣባት።

«ውሃው እውነትም ይሸታል» አለች ቀስ ብላ። «እናቴም የምትጠጣው እሱኑ ነው።»

የክንፈ ሳቅ ጠፋ። «ነገ ጧት እዚህ እንዳላያችሁ።»

እናቷ ሸራው ሥር ትንቀጠቀጣለች።

«እማ፣ መራመድ ትችያለሽ?»

«ወዴት ልንሄድ?»

ሶሊያና ወዴት እንደሆነ አላወቀችም። ያላቸውን ሁለት ልብስ አጣጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ ክንፈ እየፈለገው መሆኑን ለእንግዳው ልትነግረው፣ ወኪሉ ከመጋዘኑ በር ሆኖ እያያት፣ ሠራተኞቹ ወዳሉበት ሄደች።