ዋጦ የዋጣቸው የ«ወ» ቃላት

በሐመልማ መንግሥት አውራ ዶሮዎች ሁሉ በአንድ ቀን ቀትር ላይ ጮኹ። ጨለማው ሳይሳሳ፣ ሰማዩ ሳይቀላ፣ ፀሐይ በር በርግዶ እንደሚገባ ባለጌ እንግዳ ድንገት ዘልላ ወጥታ ነበርና፣ ዶሮዎቹ መቼ እንደሚጮኹ ግራ ገብቷቸው አረፈዱ። ሽማግሌዎች ይህን ምልክት አይተው «ቃል ጠፍቷል!» አሉ። የትኛው ቃል እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ሊናገሩት አልቻሉም፤ ጠፍቷላ!

በሐመልማ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ግንብ አለው። በግንቡ ውስጥ ሰው እምብዛም የማይጠራቸው ቃላት ከነትርጉማቸው ይጠበቃሉ፤ ቃሉ ከጠፋ ነገሩም ይጠፋልና። ቃል በሊታው ዘንዶ ዋጦ የ«ወ»ን ግንብ በሰበረ ዕለት ታዲያ ጠባቂዎቹ የት ነበሩ? ስብሰባ ላይ። አጀንዳው የግንቡን ጥበቃ ስለማጠናከር ነበር። ዋጦ ወንበርንና ወጥን አልነካም፤ እነዚህን የሰው አፍ ሁሉ ይጠብቃቸዋል። ብርቅዬዎቹን ብቻ ሰልቅጦ ሄደ። ወጋገን ሄደ፤ ንጋት እንደ ጥፊ ሆነ። ወዝ ሄደ፤ የሙሽሮች ፊት ሳይቀር እንደ ግድግዳ ደረቀ። ወንፈል ሄደ፤ በየተራ ሲተጋገዝ የኖረ ገበሬ የጎረቤቱ ሰብል ሲረግፍ አጥር ተደግፎ ማየት ጀመረ። ወኔ ሄደ፤ የንጉሡን ጦር በሙሉ ሆዱን አመመው።

ከሁሉ የከፋው ግን ልጅ መጀመሪያ ሲቆም የሚባለው ያ የደስታ ጩኸት፣ «ወፌ ቆመች»፣ መሄዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሐመልማ አንድም ሕፃን አልቆመም። እናቶች የአራት ዓመት ልጅ አዝለው ገበያ ይወጣሉ።

ታንኳ ቀዛፊዋ ትርንጎ ከእነዚህ እናቶች አንዷ ነበረች። ሦስት ዓመት የሞላት ልጇ እንኮይ ግድግዳ ይዛ ትነሳና፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ የእናቷን አፍ ታያለች። ከአፉ ምንም አይወጣም። ልጅቷም ትቀመጣለች።

«አፌ ላይ አለ እኮ!» ትላለች ትርንጎ ግንባሯን እየመታች። «እዚሁ ምላሴ ጫፍ ላይ!»

በመጨረሻ ቤተ መንግሥት ሄደች። የቃላት ጉባኤው አለቃ ሊቀ ልሳን ዘሩባቤል በፈገግታ ተቀበላት።

«እኅቴ፣ አትጨነቂ። ምትክ አዘጋጅተናል፤ ‹የሕፃኑ በአቀባዊ ሁኔታ የመገኘት ማብሰሪያ›።»

«ሞክራችሁታል?»

«በሦስት ሕፃናት ላይ። ሁለቱ ተኙ።»

«ሦስተኛውስ?»

«አለቀሰ። ጥናቱ ግን ቀጥሏል።»

ትርንጎ ገፍታው አልፋ በዙፋኑ ፊት ቆመች። «ንጉሥ ሆይ! ሰማይ ይስማኝ፣ ምድር ትመስክርብኝ! ዋጦ ያለበት ድረስ ሄጄ ያችን የልጄን ነገር ከሆዱ አወጣለሁ! ሳላወጣት ብመለስ ታንኳዬ መቃብሬ ይሁን!»

ንጉሡ አለቀሰና ሁለት ጓዶች ሰጣት፤ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ሊቀ ልሳንን፣ እንዲጠብቃት ደግሞ የጦሩን አለቃ አባ ነጎድጓድን።

አባ ነጎድጓድ ግዙፍ አዛውንት ነው፤ ጋሻው የጎጆ ክዳን ያህላል። በየመታጠፊያው ግን ይቆማል።

«ይኼ ቁጥቋጦ አላማረኝም።»

«ቁጥቋጦ ነው እኮ፣ አባ ነጎድጓድ!»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ወንዝ ሲደርሱ ደግሞ ሊቀ ልሳን ተቀመጠ። «ከመሻገራችን በፊት በወንዙ ስያሜ ላይ ብንስማማ...» ትርንጎ በኩታው ጫፍ ጎትታ አሻገረችው። ከወንዙ ማዶ የዝምታ በረሃ ተዘረጋ፤ አሸዋው አመድ፣ ነፋሱ ድዳ። በዚያ ምድር ድምፅ ከአፍ ሲወጣ ጠጠር ሆኖ እግር ሥር ይወድቃል። የትርንጎ እርግማን ብቻ ለአንድ ካብ ይበቃ ነበር።

ድምፅ ዳግም በሚሰማበት በበረሃው ማዶ ዳርቻ ዋጦ ተራራ ላይ ተጠምጥሞ ተኝቷል። ቃላቱ በሆዱ ውስጥ እንደ ፋኖስ ያበራሉ። ራሱን ቀና አድርጎ ተናገረ፦

«እናንት የሐመልማ ሰዎች! በእጃችሁ ሳሉ ያልጠራችኋቸው ቃላት ዛሬ ናፈቋችሁን? ሕጌ አንድ ነው። የአንዱን ትርጉም በእውነት የተናገረ ያን ቃል ያስወጣል። ቃሉም ወደ ሰው አፍ ሁሉ ይመለሳል፤ ከተናጋሪው አፍ በቀር!»

ሊቀ ልሳን ጉሮሮውን ጠረገ። «ከፀሐይ መውጣት አስቀድሞ የሚከሰት መጠነኛ ብርሃናዊ ሁኔታ።»

ዋጦ አገሳ። «ደረቅ ነው። ድገም።»

ደገመ። ሠለሰ። ያው ግሳት። በመጨረሻ መጠምጠሚያውን መሬት ላይ ወረወረው። «ምን ልበልህ ታዲያ! ተማሪ ሳለሁ መብራት አልነበረኝም! መጽሐፌን ታቅፌ ጨለማ ውስጥ እቀመጥ ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ ያ ግራጫ ነገር ሲገባ፣ ፊደሉ ከብራናው ላይ አንድ በአንድ ሲለይልኝ፣ ገና አንድ ቃል ሳላነብ አለቅስ ነበር!»

የዘንዶው መንጋጋ ተከፈተ። ወጋገን ወጣ፤ የበረሃው ጠርዝ በስሱ ነጣ። ሊቀ ልሳን በስሙ ሊጠራው አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም።

አባ ነጎድጓድ ወደ ፊት ወጣ። «ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ከቤቴ ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ነው የመጣው። ግን ይኸው መጥቷል። ያ ነገር ይኼ ይመስለኛል።»

ወኔ እንደ መብረቅ ተወርውሮ ወጣ።

«ወይ ጉድ!» አለ አዛውንቱ። «ከእንግዲህ በምን ልፎክር ነው?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ እየተፈራረቁ ወዝን፣ ወንፈልን፣ ሌሎቹንም አስወጡ። በዘንዶው ሆድ ግርጌ አንዲት ብርሃን ብቻ ቀረች።

ትርንጎ የሊቀ ልሳንን እጅ ያዘች። «ይህችን እርስዎ ይበሉልኝ። ልጅ የለዎትም፤ ቢያጧት አይጎዳዎትም።»

ሞከረ። ዋጦ አገሳ። «የማላውቀውን ከየት ላምጣው፣ እኅቴ?»

«አባ ነጎድጓድ፣ እርስዎ ሰባት ልጆች አሉዎት!»

አዛውንቱ አንገቱን ደፋ። «ሲቆሙ ዘመቻ ላይ ነበርኩ።»

«አንተ ሆዳም!» ብላ ጮኸች ትርንጎ በዘንዶው ላይ። «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት እኮ እኔው ልላት ነው! ለእኔ ካልሆነች ምን ሊረባኝ!»

ትርንጎ ጥርሷን ነክሳ ወዲያ ወዲህ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። እዚያ ግድግዳውን ይዛ የምትንቀጠቀጠውን አየቻት።

«ልጅሽ ግድግዳውን ስትለቅ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ልትይዣት ትሮጫለሽ። ግን ብትይዣት አትቆምም። ስለዚህ እጅሽን ትከለክይዋለሽ። እጅሽ ሲከለከል አፍሽ ይዘረጋል። በአፍሽ ነው የምትይዣት።»

የመጨረሻዋ ብርሃን ክንፍ አውጥታ በትርንጎ ራስ ላይ አለፈች። ዋጦ ባዶ ስልቻ ሆኖ ከተራራው ተንሸራተተ።

ሐመልማ ሲደርሱ መንደሩ ሁሉ በትርንጎ ደጅ ተሰብስቦ ነበር። እንኮይ ግድግዳውን ለቀቀች።

«ወፌ ቆመች!» አለ ሰዉ እያጨበጨበ። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» አባ ነጎድጓድ ከሁሉ በላይ ይጮኻል።

እንኮይ ቆመች። ጭብጨባውን ግን አልሰማችውም፤ የእናቷን አፍ እያየች ነው። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንኮይ ጠበቀች። ከዚያ አፍ የሚወጣውን ከቅርብ ልትሰማ አንድ እግሯን አነሳች።