ይጥፋ ወይስ ይቆይ

ሽማግሌው የተገኙት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በአራት ፎቁ ሕንጻ ደረጃ ግርጌ፣ በጎናቸው እንደ ተኙ ነው። ወደ ላይ ቀና ብሎ የደረጃውን ክፍተት ያየ ፖሊስ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ራሳቸውን ወርውረዋል።» አራተኛው ፎቅ ላይ በቢሯቸው ኮምፒውተር የተገኘው መልእክትም ይህንኑ የሚያጸና ይመስል ነበር። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ በስማቸው ለባልደረቦቻቸው ተልኳል፤ እንዲህ ይላል፦ «እሺ፣ ከእንግዲህ አትጠይቁ። የፈለጋችሁትን አድርጉ። ደክሞኛል።»

መርማሪዋ ግን «ቆይ እስቲ» አለች። ይህችን ቃል ከማብዛቷ የተነሣ በጣቢያው መጠሪያዋ እሷው ሆና ቀርታለች፤ አለቃዋ ሳይቀር «ቆይ እስቲን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ እያረፈች ወጣች። በማረፏም ነው ሌሎቹ ሮጠው ያለፉትን ነገር ያየችው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም።

«ይህ የማን ነው?» አለች።

«የጋሼ ነው» አለች ከላይ ቆማ የምታለቅሰው ወጣት። «አራተኛ ፎቅ ውሃ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል፤ ለሻይ ከታች ነበር የሚቀዱት።»

ቢሮው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አራት ጠረጴዛዎች፣ አራት የጆሮ ማዳመጫዎች፣ አንድ ዋና በር፣ አንድም ወደ ኋላ ደረጃ የሚያስወጣ ጠባብ በር አለው። እዚህ አራት ሰዎች አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይሠራሉ። ቋንቋውን ከዜሮ ያስጀመሩት ሽማግሌው ናቸው፤ ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ አንድም ደንብ አይጸድቅም።

መጀመሪያ የቀረበችው ሥራ አስኪያጇ ናት፤ ቀልጠፍ ያለች፣ ስልኳን በየደቂቃው የምታይ ሴት።

«ነገ ለሕዝብ ልንለቀው ነበር እኮ» አለች።

«ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት? እኛ የምንጣላው የኮድ መስመር የት ይሰበር፣ ስም እንዴት ይሰየም በሚል ነው።»

«እስቲ ጸባችሁን አሳይኝ።»

ጸቡ በጽሑፍ ነበር፤ የአሥራ አንድ ቀን፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት። ወንበራቸው ጀርባ ለጀርባ ሊነካካ የደረሰ አራት ሰዎች፣ ዞር ብሎ መነጋገር ሲያቅታቸው የተጻጻፉት ነው። መርማሪዋ አንዱንም ሳትዘል አነበበችው። እኔ ብሆን ሃያኛው ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

«ልጆች አሏቸው?» ስትል ጠየቀች፣ ከማያ ገጹ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ።

«አላውቅም» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ጠይቄያቸው አላውቅም።»

ሁለተኛው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ እርሳሶቹን በቁመታቸው የደረደረ ሰው ነው። ባለ ማበጠሪያው ይሉታል። ማበጠሪያ የሠራው መሣሪያ ስም ነው፤ ፕሮግራመሮች የጻፉትን ሁሉ እያነበበ አንድ ዓይነት መልክ ያስይዛል፣ የማያስፈልገውንም ያወጣል።

«ከጋሼ ጋር ያልተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው» አለ። «ማበጠሪያው የማያስፈልግ ነገር ሲያገኝ ባለቤቱን ጠይቆ ያጥፋ፣ ወይስ ዝም ብሎ ያጥፋ?»

«አንተ የትኛውን ትላለህ?»

«የማይጠቅም ነገር አይጠቅምም። ምን ያስጠይቃል? ጋሼ ግን ሰው ሳይጠየቅ የጻፈው አይጠፋበትም አሉ። ደግነቱ ዛሬ ጠዋት እሺ ብለዋል፤ መልእክቱን አይተሻል መሰለኝ።» ቶሎ አረመው፤ «አይተዋል መሰለኝ።»

«አይቻለሁ። ስንት ሰዓት ነው የገባኸው?»

«ሦስት ሰዓት። ፖሊሶች ናቸው በር ላይ ያስቆሙኝ።»

ሦስተኛዋ አስከሬኑን ያገኘችው ወጣት ናት፤ የመሣሪያዎቹን መመሪያ የምትጽፈው ሰነድ ጸሐፊ። ዓይኗ አብጧል።

«ማበጠሪያው ሲጠይቅ ሰው የሚመልሰው ስንት ዓይነት መልስ ነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«ሁለት። ይጥፋ፣ ወይም ይቆይ። ሦስተኛ የለም። እያንዳንዷ ትእዛዝ በእኔ እጅ ነው የምታልፈው።»

«ጋሼስ የትኛውን ያበዙ ነበር?»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። «ይቆይ። እሳቸው ብቻ የሚነኩት አንድ ፋይል አለ፤ እዚያ ውስጥ ‘ሚጣ’ የሚል ስም አለ። የተሰጠው ቁጥር ሰባት ነው። ምንም አይሠራም። አንድ ነገር በላኩ ቁጥር ማበጠሪያው ‘ሚጣ የሚለውን ስም የሚጠቀምበት የለም፤ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?’ ይላቸዋል። ጥያቄውን ዝም የሚያሰኝ ዘዴ አለ ብለን ብንነግራቸው፣ ‘ተዉት፣ ይጠይቀኝ’ አሉ። እኛም የድሮ ሙከራ ረስተው ነው ብለን ሳቅንባቸው።»

«ቆይ እስቲ። ማበጠሪያው የጠየቀውንና የተመለሰለትን ይመዘግባል?»

«አዎ፣ ከነሰከንዱ።»

መርማሪዋ መዝገቡን ከሽማግሌው ኮምፒውተር አስከፍታ ብቻዋን ግማሽ ሰዓት ተቀመጠችበት። ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

የሟቹ ልጅ የመጣችው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር። በክፍሉ ያሉት ሦስቱ ሰዎች መኖሯንም ያወቁት ያን ጊዜ ነው። መርማሪዋ ወደ ጥግ ወስዳ አስቀመጠቻት።

«ራሱን ነው የጣለው፣ አይደል?» አለች ልጅቷ።

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

«ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ። ስልኩ እየጠራ፣ ስሙን እያየሁ፣ ዝም አልኩ።» እጆቿን ጭኖቿ መካከል ሸጎጠች። «አራት ወር ተኳርፈናል። ራሱን ከጣለ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነግርሻለሁ። ልጅ ሳለሽ ምን ብሎ ነበር የሚጠራሽ?»

«ሚጣ።» ጥያቄው ግራ አጋባት። «እናቴ ይዛኝ እስክትሄድ ድረስ። ሰባት ዓመቴ ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሁለቱ በሮች ቆሙ።

«ከማንቆርቆሪያው እንጀምር» አለች። «ለመሞት የወሰነ ሰው የሻይ ውሃ አይቀዳም። ቀድቶ ሐሳቡን ቀየረ እንበል፤ ከእጁ ይወድቃል እንጂ ጥግ ፈልጎ አያስቀምጠውም። ጋሼ ያስቀመጡት ከሰው ጋር ሊነጋገሩ ቆመው ነው። ውሃ ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ የሚያውቁት ሰው ከላይ ወርዶ አገኛቸው።»

«መልእክቱስ?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ራሳቸው ናቸው የጻፉት።»

«ከእሳቸው ኮምፒውተር ተጽፏል። ማን እንደ ጻፈው ግን ማበጠሪያው መዝግቦታል። መልእክቱ የተላከው ማበጠሪያው ሳይጠይቅ እንዲያጠፋ ደንቡን ከሚቀይር ኮድ ጋር ነው፤ ኮዱ ሲላክ ደግሞ ማበጠሪያው እንደ ልማዱ ስለ ሚጣ ጠየቀ። ባለፉት አራት ዓመታት ጋሼን ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ጠይቋቸዋል። ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ‘ይቆይ’ ብለዋል። ፈጣኑ መልሳቸው ዘጠኝ ሰከንድ ወስዷል። አንዳንድ ቀን ጥያቄውን አራት ደቂቃ ሙሉ ሲያዩት ቆይተዋል። ይህችን ስም የሚያነሣላቸው ከዚያ መሣሪያ ሌላ ማንም አልነበረማ።»

የሟቹ ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ዛሬ ጠዋት የተመለሰው ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ሚጣ ጠፍታለች። የጠፋችበትም መልስ ‘ይጥፋ’ የሚል አይደለም። መዝገቡ ‘ሁሉንም አጥራ’ ይላል።» ወደ ሰነድ ጸሐፊዋ ዞረች። «ይህን ትእዛዝ ታውቂዋለሽ?»

«እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም!»

«ሥራ አስኪያጅ፣ አንቺስ?»

«ሰምቼም አላውቅ።»

ባለ ማበጠሪያው ወደ ሰነድ ጸሐፊዋ ዞረ። «ለነገው ያዘጋጀሁት ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት አዲሱን ማበጠሪያ በራሱ ይወስዳል። ማንም ሊያገኘው ይችላል።»

«መቼ ጨመርከው?»

«ትናንት፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለእኔ አልነገርከኝም» አለች ሰነድ ጸሐፊዋ ቀስ ብላ።

«ለማንም አልነገረም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያንን ትእዛዝ መስጠት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ነበር። ሦስት ሰዓት ገባሁ ያልከው ለሁለተኛ ጊዜ ስትገባ ነው፤ መጀመሪያ መልእክቱን ልከህ የወጣኸው በኋላው ደረጃ ነው። መልእክቱን ስትጽፍ በጣም ተጠንቅቀሃል። ጥያቄው ሲመጣ ግን እጅህ ቀደመህ። ትናንት ማታ ስትሞክረው ደጋግመህ ያደረግከው ነውና ምን እንደ ተጠየቅክ እንኳ አላነበብከውም።»

ሰውየው ከፊቱ ያለውን ወረቀት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ። መልሶ አስተካከለው።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ እንዲፈቅዱልኝ ልለምናቸው ነበር የመጣሁት። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ‘ስማኝ ልጄ፣ እምቢ የምልህ ሥራህን ንቄ አይደለም’ አሉኝ። መስማት አልፈለግኩም። ደረታቸውን ገፋሁ። የደረጃው መደገፊያ ዝቅ ያለ ነው። ማበጠሪያውን ሰባት ዓመት ሠራሁት። ከዚህ ክፍል አንድ ሰው እንኳ ጥሩ ነው ብሎኝ አያውቅም።»

እውነቱን ነበር። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወርዱ ኮቴያቸው እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር።

ሥራ አስኪያጇና ሰነድ ጸሐፊዋ ወደየጠረጴዛቸው ሄዱ። የሚሠሩት ባይኖርም የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ አላወቁም። መርማሪዋ ከሟቹ ልጅ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ራሱን አልጣለም ማለት ነው» አለች ልጅቷ።

«አልጣለም። ሻይ ሊያፈላ ነበር።»

ልጅቷ ከሆዷ ተነፈሰች። ትከሻዋ ወረደ፤ ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችው ነገር እንደ ወረደላት በግልጽ ይታይ ነበር። ከዚያ ግን ቀና አለች።

«ታዲያ ምን ሊለኝ ነበር የደወለው?»

መርማሪዋ የሟቹን ስልክ አይታዋለች፤ ከጥሪው በቀር የተጻፈ ነገር የለበትም። ደግ ውሸት መፍጠር አያቅታትም ነበር፤ ግን ይህች ልጅ እውነቱን ብቻ ነው የለመነቻት።

«አላውቅም ልጄ» አለቻት። «ይህን የሚነግረን ሰው የለም።»

«ለምሳ ስወጣ እደውልለታለሁ ብዬ ነበር እኮ» አለች ልጅቷ፤ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።