ወደ ውስጥ የዞረ ጫማ

ለመላው የጂንካ ከተማ ሰፊ ሕዝብ!

በ1979 ዓ.ም. በወርሃ የካቲት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የግራ እግር ካልሲዬ በአውራ ጣት በኩል የተቀደደ መሆኑን በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ሳቁ... ግድ የለም። እኔም ነገሩ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ግን እመኑኝ፣ የምነግራችሁ ሁሉ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት። ቦታው ከወይጦ ወጣ ብሎ፣ በግራር መሐል ያለ የድሮ የሼህ መቃብር ቤት።

ጨለማ የለ። ጅብ የለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

አልጠጣሁም ደግሞ። ጠጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ አላፍርም ነበር...

ስሜ ሸዋንግዛው ነው። ጂንካ ታሪክ አስተምራለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ይዤ የወጣሁት አንድ ዲግሪና በሰው የማላገጥ አመል ነው። የትምህርት ቤታችንን የግድግዳ ጋዜጣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ያንኮራፋው፣ መፈክር ገልብጦ ያነበበው፣ ሳይገባው ቀድሞ ያጨበጨበው... ማንም አያመልጠኝም።

ለአንዲት ሴት ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር አቅቶኝ ነበር።

አስቻለች ትባላለች። የሥዕል አስተማሪያችን። ወደ አርባ ምንጭ የምትዛወርበት ደብዳቤ ደርሷት ሻንጣዋን ሁሉ ሸክፋለች። ሰኞ ትሄዳለች።

ዐረፍተ ነገሩን መስታወት ፊት ቆሜ አጥንቼዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ሳል፣ "እህህ..." ከዚያ፣ "አስቻለች፣ አትሂጂ። አግቢኝና እዚሁ እንኑር።"

መስታወቱ ሁልጊዜ እሺ ይለኛል። እሷ ፊት ስቆም ግን ስለ አየሩ ሁኔታ አወራለሁ።

ያ ቅዳሜ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር።

ጓድ ደምሰው የሚባል የቅርስ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቷል። አክሱምን ያየ፣ የሐረርን ግንብ የዞረ፣ የባሌውን የሼህ ሁሴንን ነጫጭ ጉልላቶች በካሜራ ያነሳ ሰው ነው። ድንጋይ ባየ ቁጥር "ሥልጣኔ!" ይላል። ከመኪናችን ጎማ ሥር የተሸጎጠውን ድንጋይ እንኳ አንስቶ አገላብጦታል።

አስቻለች ሕንፃውን እንድትሥል፣ እኔ ታሪኩን እንድጽፍ ተመደብን። ሾፌራችን ዳርጌ ነው። የአሪ ልጅ፣ ጸሎተኛ፣ ግን ሰውን በነገር ሳይነካ የማይውል።

ወይጦ ቆመን ውሃ ስንጠጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"መምህር... ዛሬም አልተናገርክም?"

"ዝም በል።"

"አንተ ካልተናገርክ ሌላ ሰው ይናገርልሃል እኮ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አሁን ያችን ንግግር ሳስባት ይቀፈኛል...

ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ ላንድሮቨሩን እሾህ እየቧጨረው ደረስን።

ክብ የድንጋይ ግንብ ነው። ጉልላቱ ኖራ ተቀብቷል፤ ጫፉ ላይ የሰጎን እንቁላል ተቀምጧል። ድሮ በዚህ ያልፉ የነበሩ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ለሞተባቸው ሼህ የሠሩት ነው ይባላል። በሩ አጭር ነው፤ ሳያጎነብሱ መግባት የለም።

"ቅስቱን እዩት!" አለ ጓድ ደምሰው። "ድንጋይ በድንጋይ ላይ! አንድ ምሰሶ የለ! ሥልጣኔ!"

ጠባቂው ሼህ ሙዘሚል የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታችንን ከመለሱ በኋላ ቀድመው ያዩት እግራችንን ነው።

"ጫማ አውልቁ፤ ደጁ ላይ ይቀመጥ። አፍንጫው ወደ ውጭ ይሁን።"

"ለምን ወደ ውጭ?" አለች አስቻለች።

"ወደ ውጭ የዞረ ጫማ፣ ባለቤቱ ሂያጅ ነው። ወደ ውስጥ የዞረ፣ ሊቆይ የመጣ ነው።"

ጓድ ደምሰው አወለቀ። አስቻለች ነጭ ሸራ ጫማዋን አወለቀች።

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ያዝኩ... ትዝ አለኝ።

ካልሲው!

ካልሲውንም አውልቀህ አትገባም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከካልሲው ሥር ያለው ነው የባሰው። ሙጀሌ የአውራ ጣቴን ጥፍር አስነቅሎኛል። ጤና ጣቢያ የቀቡኝ መድኃኒት ጣቴን ወይን ጠጅ አድርጎታል። ያ ጣት በቀዳዳው ብቅ ብሎ፣ እንደ ስብሰባ ተናጋሪ ዕድል ይሰጠኝ እያለ ነው።

እንዲህ ባለ እግር ማን ያገባኛል?

"እኔ ጫማ እጠብቃለሁ" አልኩ።

"ከማን?" አለች አስቻለች።

"ከጦጣ።"

አልሳቀችም። ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሸዋ... እውነት አትገባም? ዛሬ አብረን ብናየው ደስ ይለኝ ነበር።"

ጣቴ ጫማዬ ውስጥ ተንቀሳቀሰች።

"ራሴን ትንሽ አሞኛል" አልኳት።

ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ጎንበስ ብላ ገባች። ጓድ ደምሰውና ሼሁም ተከተሏት።

ዳርጌ መኪናው ሥር ጋቢውን አንጥፎ ተኝቷል። እኔ ግንቡን ተደግፌ ጫማ መጠበቅ ጀመርኩ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ!

ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር አየሁ...

ከሸራ ጫማዋ አጠገብ ሌላ ጫማ አለ።

የፍየል ቆዳ ጫማ። አሮጌ። ጠፍሩ የተበጣጠሰ። ስንመጣ ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም... ስላለመኖሩም።

አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሯል።

የሼሁ መሰለኝ። ግን ሼሁ ሸበጣቸውን አውልቀው ሲገቡ አይቻለሁ፤ ያው እዚያ ማዶ ተቀምጧል።

ታዲያ ሥርዓቱ ወደ ውጭ ነው አይደል የተባለው? ጫማ ጠባቂ ደግሞ እኔ ነኝ። አነሳሁና አዞርኩት።

እጄ ረጠበ።

ጫማው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ወር ሙሉ ጠብታ ዝናብ አልጣለም። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ወንዝም በቅርብ የለም።

እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ። ቀና ስል... ጫካው ዝም ብሏል። ሲጮኹ የነበሩት ፌንጣዎች ሁሉ ባንዴ ተዋጡ።

ከዚያ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

"እህህ..."

ሳል ነው።

የእኔ ሳል!

"አስቻለች" አለ ድምፁ።

የእኔ ድምፅ። ስታመም የሚሻክረው፣ ስዋሽ የሚቀጥነው፣ የማውቀው የራሴ ድምፅ። እኔ ደግሞ ውጭ ቆሜያለሁ። አፌን በእጄ ያዝኩት። አልተንቀሳቀሰም።

"አስቻለች፣ አትሂጂ። አግቢኝና እዚሁ እንኑር።"

አንድ ቃል አልሳተም። እንዲያውም እኔ ከምለው ያምር ነበር።

ከዚያ ሳቅ። የእሷ ሳቅ። እኔ በቀልዴ ሁሉ አንድም ቀን አስቄያት የማላውቀው ዓይነት፣ ለስለስ ያለ ሳቅ።

ተንደርድሬ በሩ ጋ ደረስኩ። "አስቻለች! እሱ እኔ አይደለሁም!" ማለት ፈለግሁ። ግን በጫማ አይገባም። የጫማዬን ክር ፈታሁ። አንዱን አወለቅሁ።

ጣቴ ወጣች። ወይን ጠጅ። ጥፍር የሌላት።

አየኋት...

ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁና ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

አዎ። ተቀመጥኩ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስፈራኝ ብዙ ነው፤ ሌሊት የሚያባንነኝ ግን ይሄ ነው። ውስጥ ማን እንዳለ ሳላውቅ፣ የምወዳትን ሴት ለጣት ብዬ ተውኳት።

ሲወጡ ጓድ ደምሰው ስለ ጉልላቱ እየለፈለፈ ነበር። አስቻለች ቀልታለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታስር ሹክ አለችኝ።

"እሺ።"

"ምን... እሺ?"

"አታስደግመኝ ሸዋ። እሺ ነው መልሴ።" ፈገግ አለች። "እግርህ ደግሞ ሲያምር! ሰው ሁሉ ሙጀሌ በልቶታል እያለ ሲያማህ..."

ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል!

የዚያን ጊዜ "እኔ አልገባሁም" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ብቻ። ግን እሺ ብላለች። ስንት ጊዜ የተመኘሁትን እሺ እንዴት ልመልሰው?

"ደስ ብሎኛል" አልኩ።

ሼህ ሙዘሚል ደጁን እያዩ ቀርተዋል። የቆዳው ጫማ የለም። የነበረበት ድንጋይ ላይ ሁለት እርጥብ ምልክት ብቻ አለ።

"እዚህ የነበረውን ማን ነካው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እኔ... አዞርኩት። ወደ ውጭ ይሁን አላሉም?"

"የእናንተን ነው ያልኩት፣ ልጄ። የእናንተን። ያኛው እዚሁ እንዲቆይ የዞረ ነበር።"

ወደ መኪናው አዩ። ከንፈራቸው በጸሎት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉት።

ዳርጌ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ እንደሄደ ቆመ። ወርዶ ከኋላ ጎንበስ ብሎ አየ።

"የኋላው ባሌስትራ በክብደት ጎብጧል" አለ። "ስንመጣ እንዲህ አልነበረም። ከባድ ነገር ይዘናል።"

"ለናሙና ጥቂት ድንጋይ ወስጃለሁ" አለ ጓድ ደምሰው።

ዳርጌ በመስኮቴ በኩል አንገቱን አስገባ።

"መምህር... ስትገባ አይቼሃለሁ። በባዶ እግርህ። መቼ ወጥተህ ነው ጫማ ያሰርከው?"

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅሁ። መኪናው ውስጥ የረጠበ ቆዳ ይሸት ነበር።

ሰኞ አስቻለች አልሄደችም። ግንቦት ላይ ተጋባን። ዳርጌ "ተናገረ! ተናገረ!" እያለ ሲጨፍር ድንኳኑን ሊጥለው ነበር። እኔም ጨፈርኩ። በጫማ።

እስከ ዛሬ ሚስቴ እግሬን አላየችም። ስተኛ ካልሲ አጠልቃለሁ። ብርድ ነው እላለሁ። ጥፍሬ መልሶ አልበቀለም። ያማረ እግር አይታ ያገባችኝ ሴት ይህን ብታይ... ያኔ ማንን እሺ እንዳለች ታውቃለች።

በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። በየቀኑ ስለ አየሩ ሁኔታ አወራለሁ።

ትንንሽ ነገሮች መጡ ደግሞ።

"ትናንት ማታ ያልከኝን ሳስብ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ" ትለኛለች። ትናንት ማታ ደክሞኝ ምንም ሳልል ነው የተኛሁት። አብሬያት እስቃለሁ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርነሽ አንድ ቀን አስቆሙኝ። "ጋሼ ሸዋንግዛው፣ ጠዋት በባዶ እግርዎ ሲገቡ ሰላም ብልዎ ዘጉኝ፤ ምን አጠፋሁ?"

"ሐሳብ ይዞኝ ነው" አልኳቸው።

በሌላው ላይ ስስቅ የኖርኩ ሰው፣ ከራሴ ጋር መወዳደር ጀመርኩ። አዲስ ቀልድ አጥንቼ እመጣለሁ። አስቻለች ግን ገና ስጀምረው "ነግረኸኛል እኮ" ትላለች። "ያኔ ስትነግረኝ ይሻል ነበር።"

ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ስለተሰረዘ ሳልጠበቅ ቤት ተመለስኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ ያችው። ዝናብ የለም።

ደጄ ስደርስ ቆምኩ።

ደፉ ላይ የፍየል ቆዳ ጫማ ተቀምጧል። ውሃ ያንጠባጥባል። አፍንጫው ወደ ውስጥ።

ከጎኑ ደግሞ የእኔ የክት ጫማ። የሠርጌ ጫማ። ተወልውሎ፣ ክሩ ላልቶ፣ ለመጠለቅ ተዘጋጅቶ... አፍንጫው እንደ ሂያጅ ጫማ ወደ ውጭ።

ከውስጥ ተሰማኝ።

"እህህ..."

ከዚያ ሳቋ። ያ ለስላሳ ሳቅ።

ጎንበስ ብዬ የቆዳውን ጫማ ወደ ውጭ ላዞረው ያዝኩት። አልተነቃነቀም። ከደፉ ድንጋይ ጋር አብሮ የተሠራ ይመስል።

"አስቻለች" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ።

ሳቁ ቆመ።

በሩ ተከፈተ። አስቻለች ወጣችና ከኋላዋ ቀስ ብላ ዘጋችው። ፊቴን አላየችም። ያየችው እግሬን ነው፤ ጫማዬን፣ ከጫማዬ በላይ ብቅ ያለውን ካልሲ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

ታውቃለች...

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አልኳት በሹክሹክታ።

በሩ በደንብ መዘጋቱን በእጅዋ ዳሰሰች።

"የእኔን ጫማ ማነው ወደ ውጭ ያዞረው?"

"እኔ" አለች።

"ለምን?"

ከውስጥ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ወደ በሩ ሲመጣ ሰማሁ። ጣ... ጣ... የረጠበ እግር።

አስቻለች ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እጅዋን አጣምራ ቆመች።

"አልነግርህም" አለችኝ።