ጥጉ የተቆረጠ ፓስፖርት

አሽረፍ ቆቦ የመጣው ለስድስት ወር ነበር። ከህንድ አገር፣ ካሊከት ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ሊጠግን። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ሌላ ስድስት ወር ተጨመረለት፤ ከዚያ ዓመት፤ ከዚያ መቁጠሩን ተወው። እማማ ታንጉት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «በርበሬያችሁ አያቃጥልም» ብሎ ሰፈሩን በሙሉ አስቀይሟል።

ኢስራ አሽረፍን ያወቀችው በጠብ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በመስኖ ትምህርት ተመርቃ የገበሬውን የውሃ ተራ የምታስይዘው እሷ ነበረች። አንድ የግንቦት ቀን የሦስት ቁጥር ጉድጓድ ፓምፕ ቆመ። ቲማቲሙ አበባ ላይ ነበር፣ ገበሬው ስልኳን በጥሪ ሊያቃጥለው ደርሷል። በባጃጅ እየበረረች ብትደርስ ህንዱ ግራሩ ሥር ተቀምጦ ምሳውን ይበላል።

«ሰው ሲጠማ አንተ ትበላለህ?» አለችው።

«የጠማው ሰው አይደለም፣ ቲማቲም ነው» አለ፤ አፉን ጠርጎ። «ቲማቲም ደግሞ ጨዋ ነው፣ አይሳደብም።»

«ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

«ቧንቧው ሰማንያ ሜትር ነው። አንድ በአንድ ይወጣል። አንቺ ስለተቆጣሽ ሁለት ሁለት አይወጣም።»

ሳቋ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ዞብል ተራራ አዞረች።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሥራው አለቀ። ማብሪያውን ከመጫኑ በፊት ጠራትና መዳፏን የብረቱ ቧንቧ ላይ እንድታሳርፍ ነገራት። «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ለጊዜው ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ከእግራቸው ሥር፣ ከሩቅ፣ አንድ መንቀጥቀጥ ወደ መዳፏ መጣ።

«ውሃ ሲመጣ ከጆሮ በፊት እጅ ይሰማዋል» አላት።

ከዚያን ቀን በኋላ ሦስት ቁጥር ጉድጓድ ጤነኛ ሆኖም ጠያቂ አላጣም። እሷ ተራ ልታይ ትመጣለች፣ እሱ ቡሎን ሊያጠብቅ ይመጣል። የሚያወሩት ስለ ቧንቧና ስለ ሽንኩርት ነበር። ገበሬዎቹ ግን ከሁለቱ በፊት ያውቁ ነበር፤ ሲያዩዋቸው ሰላምታ ሰጥተው ፈጠን ብለው ያልፋሉ።

ጦርነቱ ወደ ቆላው በወረደበት ክረምት አሽረፍን የቀጠረው ድርጅት የውጭ ዜጎቹን የሚያወጣ መኪና ላከ። መኪናው እማማ ታንጉት በር ላይ ቆመ። አንድ ሰው ከወረቀት ላይ ስም አነበበ። አንድ ስም ብቻ። አሽረፍ ቦርሳውን ይዞ ኢስራን አያት፤ መኪናውን አየ፤ እንደገና እሷን አያት።

«ግባ» አለችው። ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ግባ እንጂ!» አለች።

ገባ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፣ መብራቱም ጠፋ። በዚያው ክረምት ታናሽ ወንድሟ ዘካሪያስ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ወጣ። ከባሕሩ ዳር በሰው ስልክ አንዴ ደውሎ ነበር ተባለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። አባቷ ሙህሲን የልጁን የጠፍር አልጋ እንደተነጠፈ ተወው። እንግዳ ቢመጣ፣ ቤቱ ቢሞላ፣ ማንም አይተኛበትም። አልጋው ለምን ባዶ እንደሚያድር የጠየቀውም የለም።

አገሩ ሲረጋጋ አሽረፍ ተመለሰ። በሚኒባስ፣ በአንዲት ቦርሳ፣ ድርጅት ሳይልከው። የገበሬዎቹ ማኅበር ቀጠረው። ኢስራ ሦስት ቁጥር ጉድጓድ ዘንድ አግኝታው ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ከስተሃል» አለችው።

«በርበሬያችሁ ጠፍቶብኝ ነው።»

በዚያው ዓመት እማማ ታንጉትና ጎረቤቷ ጋሽ ኢብሮ ሽማግሌ ሆነው ወደ ሙህሲን ቤት ሄዱ። ሙህሲን እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

«ልጁ ሰው ነው፣ አልጠላሁትም» አለ። «ዲኑም ዲናችን ነው። ግን አገር ሲጨንቅ ስሙ ተጠርቶ የሚወጣ ሰው ነው። ኪሱ ውስጥ በር አለው። ልጄን በር ላይ አላስቀምጣትም።»

አሽረፍ ይህን ሲነግሩት አልተከራከረም። ከዚያ በኋላ ግን በየጊዜው አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረ። ሲጠይቁት «መለዋወጫ ፍለጋ» ይላል። ሁለት ዓመት መለዋወጫ ፈለገ። እማማ ታንጉት «ይህን ያህል ዕቃ አዲስ ፓምፕ አይሠራም ነበር?» ብላ ተሳልቃበታለች።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ኢስራን ግራሩ ሥር አስቀመጣትና አንድ ሰማያዊ ደብተር እጇ ላይ አደረገ። የህንድ ፓስፖርቱ ነበር። ጥጉ በመቀስ ተቆርጧል፤ ገጹ ላይ የማይሠራ መሆኑን የሚናገር ማኅተም ተመትቶበታል።

«ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ኢትዮጵያዊ ሆንኩ። እጄን አንስቼ ማልኩ፣ ወረቀቱን ሰጡኝ። በአገሬ ሕግ ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ የህንዱን ይዞ መቀጠል አይችልም። ወስጄ ለኤምባሲው አስረከብኩ። ቆርጠው መለሱልኝ።»

«ማን ጠየቀህ?» አለችው። «አሽረፍ፣ እኔ ጠየቅሁህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ያን ቀን ከወረቀቱ ላይ ሲያነቡ የኔን ስም ብቻ ጠሩ። የእማማን አልጠሩም። ያንቺን አልጠሩም። ከዚያ ወዲህ ይህን ደብተር ባየሁ ቁጥር ያ ሰውዬ ሲያነብ ይሰማኛል። ሁለተኛ ብቻዬን እንዲጠሩኝ አልፈልግም።»

የተቆረጠውን ጥግ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ልታለቅስም ልታቅፈውም ፈልጋ ሁለቱንም አላደረገችም።

«እናትህ ምን አለች?»

አሽረፍ የጫማውን ጫፍ ተመለከተ።

«አልነገርካትም!»

«ደብተሩን የተቀበለኝ ሰውዬ የአገሬን ቋንቋ ይናገር ነበር። እሱም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። "ለኡማ ነግረሃል?" አለኝ። እኛ እናትን ኡማ ነው የምንላት። እሷ በየሳምንቱ መቼ ትመጣለህ ትለኛለች። እኔ ከዝናቡ በኋላ እላታለሁ። አሁን ግን እናቴ ቤት ለመሄድ እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ቪዛ ልጠይቅ ነው። ይህን በምን አፌ ልንገራት?»

ሽማግሌዎቹ እንደገና ሄዱ፤ በዚህኛው ጊዜ አሽረፍም አብሮ ሄደ። አዲሱን መታወቂያና የተቆረጠውን ፓስፖርት ሰሌኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ኢስራ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች። ሙህሲን ደብተሩን በወፋፍራም ጣቶቹ አገላበጠው።

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። ኪሴ ውስጥ አለ ያሉት በር ነው፣ አባ ሙህሲን» አለ አሽረፍ። «ዘጋሁት።»

«እናትህ ምን አለች?»

አሽረፍ አንገቱን ደፋ። ሙህሲን ደብተሩን ቀስ ብሎ መለሰው።

«የእናቱን አገር ሳይነግራት በመቀስ ያስቆረጠ፣ የኔን ልጅ ሊተዋት ሲል ይነግራታል?»

እማማ ታንጉት ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳች። «አንተ ሰውዬ! በር አለው አልክ፣ ዘጋው። አሁን ደግሞ ለምን ዘጋ ትላለህ። መስኮት ነው እንዴ የምትፈልገው?»

ጋሽ ኢብሮ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሙህሲን ግን አልሳቀም። ዓይኑ ጥግ ላይ ወደተነጠፈው አልጋ ሄደ።

«ታንጉት፣ ስድቡን ቻልኩት» አለ። «ግን መንገድ የሚያይ ወላጅ ምን እንደሚሆን እኔን ጠይቂኝ። የሰው እናት በኔ ቤት ምክንያት መንገድ ስታይ እንድትኖር አልፈልግም። ልጄ ሆይ፣ የመንግሥት ማኅተም አምጥተሃል፣ ይሁን። እኔ የምፈልገው የእናትህን ቃል ነው። እሱን አምጣ።»

ሳምንት አለፈ። አሽረፍ የኢስራን ዓይን እየሸሸ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዞራል። በስምንተኛው ቀን ሦስት ቁጥር ላይ ያዘችው።

«አልደወልክም።»

«ፈርቼ ነው፣ ኢስራ። ብታለቅስስ?»

«ታልቅስ። የነገሩትን ሰው ነው አብሮ ማልቀስ የሚቻለው። እኛ ቤት ላልነገሩን ነገር ስንት ዓመት እንዳለቀስን ታውቃለህ?» የወንድሟን ስም አልጠራችም። እጁን ይዛ ቧንቧው ላይ አሳረፈችው። «ከጆሮ በፊት እጅ ይሰማዋል ያልከኝ አንተ ነህ። እናትህ ሳትሰማው የቀረች ይመስልሃል? ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እኛ ቤት ና። አባቴ ፊት ትደውላለህ።»

ዓርብ መጣ። ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፈው ሰሌኑ ላይ አቆሙት። ስክሪኑ ላይ ራሷን በነጭ ሻሽ የሸፈነች፣ ዓይኗ የልጇን ዓይን የመሰለ ሴት ታየች። ኸዲጃ ትባላለች። አሽረፍ በቋንቋው መናገር ጀመረ። ኢስራ ከዚያ ሁሉ ቃል የምታውቀው «ኡማ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እሱም እየደጋገመ መጣ። ከዚያ የተቆረጠውን ደብተር ከፍ አድርጎ አሳያት።

ሴትዮዋ ደብተሩን ትክ ብላ አየችው። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ጋሽ ኢብሮ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለ ሙህሲን።

«"ዝናቡ ስንት ጊዜ መጥቶ እንዳለፈ እኔም እቆጥር ነበር" አለች።» አሽረፍ ወደ ሙህሲን ዞረ። «አንቱን ልታነጋግር ትፈልጋለች።»

ሙህሲን ጥምጥሙን አስተካክሎ፣ ወታደር ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«"ስንት ልጅ አለህ?" ትላለች።»

«ሁለት። አንዷ ይቺ ናት። አንዱ...» እጁን ወደ አልጋው ዘረጋ። አሽረፍ ቀስ ብሎ ተረጎመና ስልኩን ለአፍታ ወደ አልጋው አዞረላት። ሴትዮዋ አልጋውን አየችው። ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

«ስሙን ትጠይቃለች።»

«ዘካሪያስ» አለ ሙህሲን።

ይህን የሚተረጉም አላስፈለጋትም። ሁለት እጆቿን ዘረጋችና የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሃን መቅራት ጀመረች። ሙህሲንም እጁን ዘረጋ። እሷ የሱን ቋንቋ አታውቅም፣ እሱ የሷን አያውቅም፤ ይህን ግን ሁለቱም ከልጅነት ጀምሮ በአንድ አፍ ያውቁታል። ቃል ለቃል አብሯት ሄደ። ከፋቲሃው በኋላ ዱዓዋን ስታደርግ በመሐል የልጁ ስም ደጋግሞ ተሰማ፤ በዚህ ቤት ለስንት ዓመት ጮክ ተብሎ ያልተጠራ ስም። «አሚን» አለ ሙህሲን። «አሚን» አለች እማማ ታንጉት።

በመጨረሻ ኸዲጃ አንድ ነገር ጨመረች። አሽረፍ ተረጎመው።

«"ልጄን ሰጥቻችኋለሁ" ትላለች። "ያንተንም ልጅ የያዘ ቤት ካለ፣ እንዳንተ ቤት ስለ ወላጁ የሚጠይቅ ይሁን።"»

ሙህሲን ብድግ ብሎ ወጣ። ከውጭ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ማንንም አላየም።

«ኒካው ማሽላው ከታጨደ በኋላ ይሁን» አለ። «አሁን ሥራ ላይ ነን።»

እማማ ታንጉት እልል አለች።

ከኒካው በኋላ በዓመቱ ሁለቱ የቪዛ ፎርም ለመሙላት ማኅበሩ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። የቀድሞ ዜግነት ይላል። አሽረፍ ሞላው። ህንድ ውስጥ የሚያውቅዎ ሰው ይላል። የእናቱን ስም ጻፈ። የጉዞው ምክንያት የሚለው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።

«ጉብኝት ልበል? የተወለድኩበትን ቤት?»

ኢስራ ትከሻውን በትከሻዋ ነካ አደረገችው። «ጉብኝት በል። ደርሰን የምናደርገውን እኛ እናውቃለን።»

ካሊከት የደረሱት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። ኸዲጃ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ልጇን ከማቀፏ በፊት የኢስራን እጅ በሁለት እጇ ይዛ መዳፏን ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል መራቻቸው።

በማግስቱ ኢስራ ለአባቷ ደወለች።

«ደህና ገባችሁ? ሴትዮዋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ። አባ...» ወደ ክፍሉ ተመለከተች። የአሽረፍ የልጅነት መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ አንሶላው ትናንት የታጠበ ይመስላል። «የልጇን አልጋ እንደተነጠፈ ነው ያቆየችው። ከሄደ ጀምሮ እስከ ትናንት ማንም አልተኛበትም።»

መስመሩ ላይ ከቆቦ የከብት ድምፅና የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ልትጠራው ስትል የአባቷ ድምፅ መጣ።

«የኛም አልተነሳም በያት» አለ። «ዛሬ ጠዋት አንሶላውን አጠብኩት።»