የቋጥኝ አሥራ ሁለተኛ ዋንጫ

ቋጥኝ የሞተው ቁጭ ብሎ ነው። ግንባሩ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፏል፤ አንድ እጁ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል። የፈነከተውን ዕቃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፤ አምና የክልሉ የቼዝ ሻምፒዮን ሆኖ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ የተሸለመው ባለ ድንጋይ መቆሚያ ዋንጫ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር። ገዳዩ ጠርጎ መልሶታል። ጠረጋው ግን የሰነፍ ጠረጋ ነው፤ ከሥሩ ደም ቀርቷል።

ከደሙ ይልቅ የሚያስፈራው የቼዝ ሰሌዳው ነበር። ከሟቹ ራስ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ጠጠሮቹ ምንም እንዳልተፈጠረ በየቤታቸው ቆመዋል። አንድ እንኳ አልወደቀም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ባልደረቦቿ «ቁንጥጫ» ይሏታል፤ ጥያቄዋ ትንሽ ነው፣ የሚያስጮኸው ግን ብዙ ነው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው ኢንስፔክተር» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ተጋጣሚው። ስትጮህ ሲደርሱ ከሬሳው አጠገብ አገኟት፤ እጅጌዋ ላይ ደም አለ። ስትሸነፍ ጊዜ መታችው።»

«አንተ ከጨረስክማ እኔን ምን አስጠራኝ?»

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገና የሚያውቀውን ዘረዘረ። የፍጻሜው ጨዋታ በሦስት ሰዓት ተጀምሮ እስከ ስድስት አላለቀም። በውድድሩ የቆየ ሕግ መሠረት ተራው የደረሰ ተጫዋች ቀጣይ እርምጃውን በወረቀት ይጽፍና በፖስታ አሽጎ ለዳኛው ይሰጣል፤ ጨዋታው በዘጠኝ ሰዓት ይቀጥላል። ተራው የቋጥኝ ነበር፤ ጽፎ አሸገና የራሱ ሰሌዳ ወዳለበት ማረፊያ ክፍሉ ገባ። ተመልካቹ ሁሉ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ጨዋታውን እየተከተለ የሚያሳየው መምህር ጭምር፣ ለምሳ ወጣ። የውጭው በር ተቆለፈ። ከሟቹ ጋር ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ፣ አሰልጣኙ፣ ዳኛውና ልብስ ሰፊዋ። ከአራቱ አንዱ ነፍሰ ገዳይ ነው። ሁሉም ስለሚያውቁት አዳራሹ ውስጥ አንዱ ሲያስል ሌሎቹ ይደነግጡ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ተቀምጣለች። ፖሊሱ ካቴናውን ፊቷ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ ዐይኗን ከሱ መንቀል አልቻለችም። አጠገቧ ሽማግሌው አሰልጣኝ ተቀምጦ ትከሻዋን ይደባብሳል። «አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» ይላታል።

«ለምን ገባሽ?» አለቻት ቁንጥጫ።

«ሲያሽግ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ... አሞት እንደሆን ልጠይቀው ብዬ። አንኳኳሁ፤ ዝም አለኝ። ገብቼ ትከሻውን ነካሁት። ከዚያ እጄ...»

«ለሚያሸንፍሽ ሰው ይህን ያህል ማሰብሽ ይገርማል!» አለ ፖሊሱ።

«እሱ መቼ አሸነፈኝ! እኔ ነበርኩ የማሸንፈው!»

«ኧረ በእግዜር! አዳራሽ ሙሉ ሰው ግድግዳው ላይ ያየውን?»

«ግድግዳውን ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ስጫወት ከጠረጴዛው ዐይኔን አልነቅልም። እትዬ ይስሙኝ፣» ወደ መርማሪዋ ዞረች፤ «ሬሳው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ልክ አይደለም። ነጩ ፈረሴ አንድ ቤት ስቷል። የመጨረሻ እርምጃዬ እኮ ነው፤ የት እንዳስቀመጥኩት እኔ አላውቅም?»

«ውሸት ሲደረደር እንዲህ ነው» አለ ፖሊሱ።

ቁንጥጫ ግን ተነሥታ ግድግዳው ሥር ሄደች። ቼዝ አትችልም፤ ቤት መቁጠር ግን ትችላለች። ቆጠረች። ወደ ሟቹ ክፍል ተመልሳ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ዳኛውን ፈለገችው።

ዳኛው ፖስታውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነበር።

«ማን ነበር የሚያሸንፈው?»

«ያላለቀ ጨዋታ ላይ አስተያየት መስጠት ለዳኛ ክልክል ነው።»

«ሰውዬው ሞቷል እኮ!»

«ሰዓቱ ግን አልሞላም። ፖስታውንም ከዘጠኝ በፊት ቢያስሩኝ አልከፍተውም።» እየተናገረ ድምፁ ይርዳል። ፍርሃቱን በሕግ ጠቅልሎ የያዘ ሰው ነው።

«ውጪውን ማየትስ ያስቀጣል?»

አያስቀጣም። በፖስታው ጀርባ ዳኛው የእያንዳንዱን ጠጠር ቦታ ከጠረጴዛው ላይ እያየ በእጁ ስሎበታል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ፈርመውበታል። ቁንጥጫ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረችና ፖስታውን መለሰችለት።

ሚስቲቱ መስኮቱ ሥር ነበረች። ቀኝ ክንዷ እስከ ጣቶቿ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቼዝ ትችያለሽ?»

«አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ? ፈረሱን ከጆሮው አውቀዋለሁ፤ የቀረው ለኔ የቡሽ ክምር ነው።»

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«ሁሉንም እፈራለሁ። ከሦስቱ አንዱ ነው እኮ! ስሄድ ጀርባዬን ላለመስጠት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው።» አፍንጫዋን በግራ እጇ ጠረገች። «ቋጥኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ከወሰነ ወሰነ ነው። ለምን ብትይው ጀርባውን ይሰጥሻል። አንድ ቀን ያስገድልሃል እለው ነበር፤ እየቀለድኩ።»

አሰልጣኙን ያነጋገረችው በመጨረሻ ነው።

«በእረፍቱ ሰዓት ክፍሉ ገብተዋል ጋሼ?»

«አልገባሁም። ሲያስብ ሰው አያስጠጋም።»

«እርስዎ ጨዋታውን እንዴት አዩት?»

«ከፊት ወንበር ቁጭ ብዬ ሁሉን አይቻለሁ። አልቆላት ነበር። ፈረሷ ጥግ ላይ ታፍኖ! አሥራ ሁለተኛው ዋንጫ በእጃችን ነበር።» ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። «ልጅቷ ግን ታሳዝነኛለች። ወጣትነት ነው፤ ሽንፈት አልለመደችም።»

ዘጠኝ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። አሰልጣኙ እንደገና ልጅቷ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ቁንጥጫ ካቴናውን ከጠረጴዛው አነሣች።

«አንቺ፣ ተነሽ። ወደኔ ነይ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ሁለት እጇን አቀናጅታ ዘረጋች። ቁንጥጫ እጆቿን ዝቅ አድርጋ ከኋላዋ አስቀመጠቻት።

«ገዳዩ ብልህ ነው» ብላ ጀመረች። «ከገደለ በኋላ በመሸሽ ፈንታ ቆሞ ጠጠር ደረደረ። ሟቹ ብቻውን ሲያስብ ከጀርባው የተመታ እንዲመስል፤ ጠቡም የተሸናፊዋ ጠብ እንዲመስል። እንዴት ነው ከግድያው በኋላ መደርደሩን ያወቅሁት? ሰሌዳው ስለተሳሳተ ነው። ፈረሱ አንድ ቤት ስቷል። ቋጥኝ ራሱ የተጫወተውን አይስትም። ስለዚህ የደረደረው ሌላ ሰው ነው።»

«ልጅቷስ?» አለ ፖሊሱ።

«ልጅቷ የራሷን እርምጃ ታውቃለች። አሳስታ ብትደረድርማ መሳሳቱን እሷው አትነግረኝም። ዳኛውም ትክክለኛውን በእጁ ስሏል፤ ይኸው ፖስታው ላይ። ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ?» ወደ ግድግዳው ዞረች። «ከዚያ። መምህሩ የመጨረሻውን እርምጃ ሲሰቅል ፈረሱን አንድ ቤት አሳስቶ ሰቀለው። ወዲያው እረፍት ስለሆነ ማንም አላረመውም። የደረደረው ሰው ጨዋታውን የሚያውቀው ከግድግዳው ብቻ ነው ማለት ነው። ግድግዳውን ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ፈረስን ከጆሮው ነው የምታውቀው፤ በአንድ እጇም ያንን ድንጋይ አታነሣም።»

ማንም ወደ አሰልጣኙ ለመዞር አልደፈረም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ትከሻዋን ቀስ ብላ በእጇ ሸፈነችው፤ እጁ ገና እዚያው ያለ ይመስል።

«ስም ማጥፋት ነው!» አለ አሰልጣኙ። «ለምን ብዬ? ልጄ ነበር!»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለ ዳኛው በድንገት። ፖስታውን ቀደደ፤ አነበበ፤ ከንፈሩ ነጣ። ወረቀቱን ለሁሉም አዞረው። በቋጥኝ እጅ አንድ ቃል ተጽፎ ተፈርሞበታል፦ «ተሸንፌያለሁ።»

ሚስቲቱ ጮኸች። ፖሊሱ አፉን ከፈተ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ከወንበሯ ተነሣች።

«ሁላችሁም ደነገጣችሁ» አለች ቁንጥጫ። «እርስዎ ግን አልደነገጡም ጋሼ። ነግሮዎት ነበር።»

ሽማግሌው ብድግ አለ። ከዚያ ገነፈለ። «ያሸነፈውን ጨዋታ! በእጁ የገባውን ጨዋታ ጣለው! ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔ ያስተማርኩት ሰው እጅ ሰጠሁ ይለኛል! ለምን አልኩት። ለምን? ጀርባውን ሰጠኝ። ቃል አልተነፈሰም!»

ልብስ ሰፊዋ ፖስታውን ከዳኛው እጅ ወሰደች። ጠረጴዛውን በመካከላቸው አድርጋ ገፋ አደረገችለት።

«አላሸነፈም ጋሼ። ፈረሱ እዚህ ነበር።»

ሽማግሌው አየ። ማስረዳት አላስፈለገም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ነው። ከንፈሮቹ ያለ ድምፅ ቆጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ የቋጥኝ ንጉሥ መውጫ አልነበረውም።

«አይቶት ነበር» አለ በሹክሹክታ። «እሱስ አይቶት ነበር።»

ካቴናው ቀጭ ሲል ልብስ ሰፊዋ የራሷን የእጅ አንጓ ያዘች። አሰልጣኙን ይዘውት ወጡ። ዳኛው ኮቱን አስተካክሎ ቀረበና «በሕጉ መሠረት የዘንድሮው ሻምፒዮን...» ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ወደኋላ ሸሸች። የማንንም እጅ መንካት አልቻለችም።

«ተወኝ ብላሃለች» አለችው ሚስቲቱ፤ ልጅቷ ግን ምንም አልተናገረችም ነበር።

ከመስኮቱ ሥር ተነሥታ መጣች። የልጅቷን እጅ ትታ፣ በደህና እጇ ደም የነካውን እጅጌ ጫፉን ብቻ ያዘች።

«ነይ እንታጠበው። እዚያ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ማለፍ አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ተያይዘው ሄዱ፤ አንዷ የፊቱን፣ አንዷ የኋላውን እያየች።